አዲሱ ኮምፒዩተር ስለምን ይደናቀፋል? የፍሬም መውረድን መንስኤ ስለ መመርመር

የጥናት ዓምድ

መግቢያ

ባለፈው የትምህርት ዘመን መገባደጃ ላይ በአንድ ቤት የምንኖር አራት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም ተስማማን። ገንዘቡ ከየወሩ አበላችን የተቆጠበ፣ ከፊሉም ጀማሪ ተማሪዎችን ሒሳብ በማስጠናት የተገኘ ነበር። ኮምፒዩተሩ ቀን ቀን ለምህንድስና ንድፍና ለመመረቂያ ሥራ፣ ሐሙስ ማታና ዓርብ ደግሞ ለጨዋታ እንዲያገለግል ታቀደ። ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ተገዙ። ሲፒዩው ራይዘን 5 5600፣ ማዘርቦርዱ ቢ550፣ ራሙ እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት የዲዲአር4 ዘንጎች፣ የግራፊክስ ካርዱም ባለ 12 ጊጋባይቱ ጂፎርስ አርቲኤክስ 3060 ነበር። ካርዱን ያገለገለ ሆኖ በቅናሽ ፈልጎ ያመጣው ከመካከላችን አንዱ ሲሆን፣ ዕቃዎቹን የገጣጠመው ደግሞ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው።

ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያው ቀን ያለ ችግር ተነሣ። ደስታችን ግን አንድ ሳምንት አልሞላውም። ሰውና መኪና በበዛበት የጨዋታ ክፍል ሥዕሉ በድንገት ቀጥ ይልና ከጥቂት ቆይታ በኋላ ዘልሎ ይቀጥላል። ስብሰባ ተቀመጥን። ስብሰባው አሥር ደቂቃ ሳይሞላው «ያገለገለ ካርድ ስለ ገዛን ነው» ከሚል ውሳኔ ላይ ደረሰ። ካርዱን ያመጣው ጓደኛችን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለክረምቱ ዕረፍት ወደ አገር ቤት መሄጃ ብለን ካስቀመጥነው ገንዘብ ተነስቶ አዲስ ካርድ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን ያቀረብኩትም፣ ከሁሉ አብልጬ የጮኽኩትም እኔ ነበርኩ።

ካርዱ አንዳች ጉድለት እንዳልነበረበት የተረጋገጠው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሁለት ዓላማ አለው። አንደኛው ተመሳሳይ ችግር ለሚገጥማቸው አባሎች የምርመራውን መንገድ በቅደም ተከተል ማሳየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሳይለኩ መፍረድ ገንዘብንም ወዳጅነትንም እንደሚጎዳ ከራሳችን ስህተት ተነስቶ ማስረዳት ነው።

1. ፍሬም ምንድን ነው? አማካይ ቁጥርስ ስለምን አይበቃም?

በስክሪን ላይ የምናየው እንቅስቃሴ በመሠረቱ በፍጥነት የሚከታተሉ የቆሙ ሥዕሎች ድርድር ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል፤ ነገር ግን የፊልሙ ፍሬሞች ሁሉ አስቀድመው ተሠርተው ያለቁ ናቸው። የጨዋታ ፍሬም ግን ተጫዋቹ ቁልፉን ከተጫነ በኋላ እዚያው የሚሠራ በመሆኑ ቀነ ገደብ አለው። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማግኘት እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ማለቅ አለበት። ለ144 ፍሬም የሚፈቀደው ጊዜ 6.9 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ሲሆን፣ ለ30 ፍሬም ደግሞ 33.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። አንድ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ መሆኑን ልብ ይሏል።

ብዙ ሰው «ስንት ፍሬም ይሰጣል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚፈልገው አማካዩን ነው። አማካይ ግን ይሸፍናል። ለምሳሌ ያህል 100 ፍሬሞችን እንውሰድ። ከነዚህ ውስጥ 99ኙ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊ ሰከንድ ፈጁ፤ አንዱ ብቻ 110 ሚሊ ሰከንድ ፈጀ እንበል። ድምሩ 1,100 ሚሊ ሰከንድ ወይም 1.1 ሰከንድ ይሆናል። በዚህ ስሌት አማካዩ በሰከንድ 91 ፍሬም ያህል ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ይህማ በጣም ጥሩ ነው» ይላል። ዓይን ግን ያችን 110 ሚሊ ሰከንድ የፈጀች አንዲት ፍሬም አይስታትም፤ መደናቀፍ የምንለው እሷን ነውና።

ይህ ነጥብ ለባለሙያዎችም ቢሆን ግልጽ የሆነው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ስኮት ዋሰን የተባለው ጸሐፊ ዘ ቴክ ሪፖርት ላይ ባወጣው ጥናት፣ የግራፊክስ ካርዶች በሰከንድ በሚሰጡት የፍሬም ብዛት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ፍሬም በሚፈጀው ጊዜ መመዘን እንዳለባቸው አሳየ። ይህ አስተሳሰብ ከተስፋፋ በኋላ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት ካርዶች ተጣምረው ሲሠሩ ፍሬሞቹ እኩል ርቀት ጠብቀው እንዲወጡ የሚያደርግ ድራይቨር አወጣ። የአለካክ ለውጥ የአሠራር ለውጥ አስከተለ ማለት ነው። ዛሬ በምርመራ ጊዜ ከአማካዩ ጎን «የአንድ በመቶ ዝቅተኛ» የሚባለው ቁጥር የሚጻፈውም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ቁጥር እጅግ ከዘገዩት አንድ በመቶ ፍሬሞች የሚሰላ ነው። አማካዩ ከፍ ብሎ ይህኛው በጣም ዝቅ ካለ ኮምፒዩተሩ ይደናቀፋል።

2. የሥራ ክፍፍልና ማነቆ

አንድ ፍሬም በአንድ ዕቃ ብቻ አይሠራም። ሲፒዩው የጨዋታውን ዓለም ያሰላል፤ ማን የት እንደቆመ፣ ኳሷ ወዴት እንደሄደች፣ ምን ምን ነገር መሣል እንዳለበት ይወስንና ትእዛዝ ያዘጋጃል። ለዚህ የሚያስፈልገውን መረጃ ከራም ያመላልሳል። የግራፊክስ ካርዱ ትእዛዙን ተቀብሎ ሥዕሉን ይሥላል። በመጨረሻም ስክሪኑ ሥዕሉን ያሳያል። ሲፒዩው የሚቀጥለውን ፍሬም ሲያሰናዳ ካርዱ ያለፈውን ይሥላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሠራሉ። በመሆኑም የጠቅላላው ፍጥነት የሚወሰነው በዘገምተኛው ክፍል ነው። ያ ክፍል ማነቆ ይባላል።

ይህን በድግስ ቤት ማየት ይቻላል። ምጣዱ አንድ ሆኖ አንድ እንጀራ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ፣ እንጀራውን የሚያነሡና የሚያቀርቡ ሰዎች ከአንድ ወደ አምስት ቢጨመሩ በሰዓት ከ30 እንጀራ በላይ አይገኝም። የጎደለው ምጣድ እንጂ ሰው አይደለምና።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ሲፒዩው ለአንድ ፍሬም 12 ሚሊ ሰከንድ፣ ካርዱ ደግሞ 7 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጁ ከሆነ በየ12 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ፍሬም ይወጣል፤ ይህም በሰከንድ 83 ያህል ነው። ካርዱን አውጥተን ሁለት እጥፍ ፈጣን የሆነ ብንገዛ ካርዱ 3.5 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ሲፒዩው ግን ያው 12 ነው። ውጤቱ ያው 83 ፍሬም ይሆናል። ገንዘቡ ወጣ፤ አንዲት ፍሬም አልተጨመረችም። እኛ ልንሠራው የነበረው ስህተት በትክክል ይህ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መሳሳት መነሣት አለበት። ብዙዎች ቴስክ ማኔጀርን ከፍተው ሲፒዩው 35 በመቶ ብቻ እንደሚሠራ ሲያዩ «ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው» ብለው ይደመድማሉ። ይህ ድምዳሜ ልክ አይደለም። ራይዘን 5 5600 ስድስት ኮርና 12 የሥራ መስመር አለው። አንዱ መስመር ያለ ዕረፍት ሙሉ በሙሉ ቢሠራ እንኳ በጠቅላላው ቁጥር ላይ የሚታየው 8.3 በመቶ ብቻ ነው። የጨዋታ ሥራ ደግሞ ሁሉም ለሁሉም ኮር እኩል የሚከፋፈል አይደለም፤ ተራውን ጠብቆ በአንድ መስመር ላይ ብቻ የሚሠራ ክፍል አለው። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳስረዳው፣ ከሥራው ግማሹ ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ ስድስት ሠራተኛ ቢሰለፍ ፍጥነቱ 1.7 እጥፍ ያህል ብቻ ይሆናል፤ ሠራተኛው ስፍር ቁጥር የሌለው ቢሆንም ከሁለት እጥፍ አያልፍም። ስለዚህ ሲፒዩው በጠቅላላው 35 በመቶ እየታየ በአንዱ መስመር ላይ ታንቆ ሊሆን ይችላል።

3. የምርመራው ቅደም ተከተል

ሀ/ የመረብ መዘግየትን ከፍሬም መውረድ መለየት። በመረብ ከሌሎች ጋር በሚደረግ ጨዋታ ሁለቱ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ነገር ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሥዕሉ ሳይቆራረጥ ተጋጣሚው ብቻ ከቦታ ቦታ የሚዘል ከሆነ ችግሩ የመረብ ነው። መረጃ በብርሃን ገመድ ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከዱባይ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 4,800 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ደርሶ መልሱ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ከ48 ሚሊ ሰከንድ አያንስም። የዚህ ዓይነቱን መዘግየት የትኛውም ካርድ አያሳጥረውም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጨዋታውን ያለ መረብ፣ ለብቻ ተጫውቶ መመልከት ነው። መደናቀፉ ከቀጠለ ወደሚቀጥለው እንለፍ።

ለ/ መለካት። በነጻ የሚገኙ መሣሪያዎች አሉ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በጨዋታው ላይ ቁጥሮችን ያሳያል፤ ካፕፍሬምኤክስ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ ይመዘግባል፤ ኤችደብሊውኢንፎ ሙቀትንና የሥራ ፍጥነትን ያሳያል። የምንመዘግባቸው ነገሮች አማካይ ፍሬም፣ የአንድ በመቶ ዝቅተኛ፣ የካርዱ የሥራ መጠን በመቶኛ፣ የእያንዳንዱ ሲፒዩ መስመር የሥራ መጠን፣ ሙቀትና የካርዱ ማኅደረ ትውስታ ናቸው። ልኬቱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ መንገድ መደረግ አለበት። ዛሬ በበረሃ ነገ በከተማ እየለኩ ማነጻጸር አይቻልም። ቁጥሮቹ በደብተር ይጻፉ።

ሐ/ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ መሞከር። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ሆኖ ከሁሉ የበለጠ የሚናገር ፈተና ነው። ጨዋታው በ1920 በ1080 ነጥብ የሚሠራ ከሆነ ወደ 1280 በ720 ይውረድ። የነጥቦቹ ብዛት ከግማሽ በታች ስለሚሆን የካርዱ ሸክም በእጅጉ ይቀላል፤ የሲፒዩው ሸክም ግን አይለወጥም ለማለት ይቻላል። ከዚህ በኋላ፣

— ፍሬሙ በግልጽ ከጨመረ ማነቆው ካርዱ ነበር ማለት ነው። ከመውረዱ በፊትም የካርዱ የሥራ መጠን ከ95 እስከ 99 በመቶ ሆኖ መታየት ነበረበት።

— ፍሬሙ ካልጨመረ ማነቆው በሲፒዩው፣ በራሙ ወይም በፕሮግራሙ በኩል ነው። በዚህ ጊዜ የካርዱ የሥራ መጠን ከ90 በመቶ እጅግ ዝቅ ብሎ ይታያል።

— ፍሬሙ ልክ 60 ላይ ወይም ልክ 30 ላይ ተቸክሎ ከቀረ ማነቆ ሳይሆን ገደብ ነው። በጨዋታው ወይም በድራይቨሩ ውስጥ የተቀመጠ ገደብ ይፈለግ።

4. አዲስ በተገጠመ ኮምፒዩተር ላይ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ዕቃው አዲስ ሲሆን የስህተቱ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ብልሽት ሳይሆን አገጣጠሙ ወይም ያልተስተካከለ ቅንብር ነው። ክዳኑን ከመክፈት በፊት ኮምፒዩተሩ ይጥፋ፣ ከኤሌክትሪክ ይነቀል፣ የሣጥኑ ብረት በእጅ ይነካ። ከዚያ በኋላ የሚከተሉትን እንመርምር።

አንደኛ፣ የስክሪኑ ገመድ። ገመዱ መሰካት ያለበት በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ሲፒዩው የራሱ ግራፊክስ ካለውና ገመዱ በማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ሥዕሉ ይመጣል፤ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ካርድ ግን ተገቢውን ሥራ አይሠራም። ከዚሁ ጋር፣ 144 ኸርዝ የሆነ ስክሪን በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ 60 ላይ ቀርቶ ሊገኝ ስለሚችል ይታይ።

ሁለተኛ፣ ካርዱ የተሰካበት ቦታ። ከላይ ያለው ረጅሙ ማስገቢያ በ16 መስመሮች ከሲፒዩው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በብዙ ቢ550 ማዘርቦርዶች ላይ ያለው ሁለተኛው ረጅም ማስገቢያ ግን መልኩ አንድ ይምሰል እንጂ ያሉት መስመሮች አራት ብቻ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ራም። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ባለ አራት ማስገቢያ ማዘርቦርድ ላይ ራሙ በሁለት ቻናል ከሲፒዩው ጋር ይገናኛል። ሁለት ዘንግ ብቻ ሲኖር ባብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ ከሲፒዩው ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ላይ ይሰካሉ፤ የማዘርቦርዱ መመሪያ መጽሐፍ ቦታውን ያሳያል። ሁለቱ ዘንጎች ጎን ለጎን፣ አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ከተሰኩ ግን ሁለቱም በአንድ ቻናል ይጨናነቃሉ፤ ሌላው ቻናል ባዶውን ይቀራል። ኮምፒዩተሩ ግን ምንም ሳይል ይነሣል፤ 16 ጊጋባይት መሆኑንም በትክክል ያሳያል።

በተጨማሪም በራሙ ማሸጊያ ላይ የተጻፈው 3200 ፍጥነት በራሱ አይመጣም። ብዙ ጊዜ ራሙ በመጀመሪያ የሚነሣው በ2133 ነው። የተጻፈውን ፍጥነት ለማግኘት ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ የሚባለውን ቅንብር ማብራት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ የሚወላገድ ከሆነ ራሙን በሜምቴስት86 መፈተሽ ይገባል።

የሁለቱ ስህተቶች ድምር ምን ያህል እንደሆነ እናስላ። አንድ ቻናል በአንድ ጊዜ 8 ባይት ያስተላልፋል። 2133 ሚሊዮን ጊዜ በሰከንድ፣ በ8 ባይት ሲባዛ 17 ጊጋባይት ያህል ነው። በሁለት ቻናል በ3200 ደግሞ 51.2 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ስህተት በአንድነት የሠራ ሰው ለሲፒዩው ከተገቢው መንገድ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ከፈተለት ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሙቀት። አገር ቤት ክረምት ሆኖ ዝናቡ ሲወርድ እዚህ እኛ የምንማርበት አካባቢ ሐሩር ነው። የኮምፒዩተር ማራገቢያ የክፍሉን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም፤ ክፍሉ በአሥር ዲግሪ ሲሞቅ ዕቃዎቹም በዚያው መጠን ገደማ ይሞቃሉ። ለራይዘን 5 5600 የተወሰነው ከፍተኛ ሙቀት 90 ዲግሪ ሲሆን፣ ለአርቲኤክስ 3060 ደግሞ 93 ነው፤ ካርዱ ግን እዚያ ሳይደርስ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ይሄዳል። የሙቀት ምልክቱ ጊዜ ነው። ጨዋታው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደኅና ሆኖ ከቆይታ በኋላ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ሙቀት ይጠርጠር። የማቀዝቀዣው መከላከያ ፕላስቲክ ሳይላጥ ተገጥሞ እንደሆነ፣ ማራገቢያዎቹ አየሩን የሚገፉበት አቅጣጫ፣ የአቧራ ማጥለያው መደፈንም ይታይ። የበረሃ አቧራ በጥቂት ሳምንት ማጥለያን ይደፍናል።

አምስተኛ፣ የካርዱ ማኅደረ ትውስታ መሙላት። ባለ 12 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3060 ከራሱ ማኅደረ ትውስታ ጋር በሰከንድ 360 ጊጋባይት ይለዋወጣል። ማኅደረ ትውስታው ሞልቶ ትርፉ ወደ ዋናው ራም ሲፈስ ግን የመገናኛው ዐቅም በሰከንድ ወደ 32 ጊጋባይት ይወርዳል፤ ከአሥር እጅ በታች ማለት ነው። መድኃኒቱ በጨዋታው ቅንብር ውስጥ የገጽታ ጥራት የሚባለውን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው።

ስድስተኛ፣ የመጀመሪያ ጊዜ መደናቀፍ። አዳዲስ ጨዋታዎች ለካርዱ የሚሆኑ ሼደር የተባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በየኮምፒዩተሩ ላይ ያዘጋጃሉ። ይህ በጨዋታ መካከል ሲሆን አንድ አዲስ ነገር በታየ ቁጥር ሥዕሉ ይቆማል። በዚያው ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ሲታለፍ መደናቀፉ ከጠፋ ምክንያቱ ይኸው ነው። ድራይቨር ከተለወጠ በኋላ እንደገና ስለሚዘጋጅ አንድ ቀን ታግሶ መፍረድ ይገባል።

5. በእኛ ኮምፒዩተር ላይ የተገኘው

አዲሱ ካርድ እንዳይገዛ ያደረገው ዝም ብሎ የተቀመጠው ጓደኛችን ነው። «እሺ፣ የኔ ጥፋት ይሁን፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቀን ስጡኝና ልለካ» አለ። ማንም እምቢ ሊለው አልቻለም።

ለካ። አማካዩ 74፣ የአንድ በመቶ ዝቅተኛው 31 ነበር። የካርዱ የሥራ መጠን ከ60 በመቶ አያልፍም። የሥዕሉን ጥራት ወደ 1280 በ720 ሲያወርደው አማካዩ ያው 74 ላይ ቀረ። በዚህች አንዲት ሙከራ ካርዱ ነጻ ወጣ። ከዚያ ቴስክ ማኔጀርን ሲከፍት ራሙ 2133 ይላል። ክዳኑን ሲከፍት ሁለቱ ዘንጎች ጎን ለጎን ተሰክተው አገኛቸው። የሰካኋቸው እኔ ነኝ። መመሪያ መጽሐፉ ከነላስቲኩ ሣጥኑ ውስጥ ነበር።

ዘንጎቹ ወደ ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ተዛወሩ፤ ተለካ። ከዚያ ኤክስኤምፒ በራ፤ እንደገና ተለካ። ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ አማካዩ 101፣ የአንድ በመቶ ዝቅተኛው 66 ሆነ። የተከፈለ ገንዘብ የለም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ካርዱ አሁን 97 በመቶ መሥራት ስለ ጀመረ ከቀድሞው ይልቅ ይግል ጀመር። ሣጥኑን ያስቀመጥነው ከጠረጴዛ ሥር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አስጠግተን ስለነበረ ከ20 ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ፍሬሙ እንደገና መውረድ ያዘ። በዚህ ጊዜ ግን ማንም ማንንም አልወነጀለም፤ ደብተሩ ወጣ፣ ሙቀቱ ተለካ፣ ሣጥኑ ከግድግዳው ራቀ፣ ማጥለያው ተጠረገ። መውረዱ ቆመ። ከዚህ የምንማረው አንድ ማነቆ ሲፈታ ከበስተኋላው የነበረው ሌላ ማነቆ ብቅ እንደሚል ነው። ሁለተኛው ታየ ተብሎ የመጀመሪያው መፍትሔ ስህተት ነበር አይባልም።

6. ሁለት የተሳሳቱ ዝንባሌዎች

በተማሪዎች መካከል ሁለት የተሳሳቱ ዝንባሌዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ማንኛውንም ችግር በግዢ ለመፍታት መሞከር ነው። ይህ ዝንባሌ ውድ የሆነውን ዕቃ ሁልጊዜ ተጠያቂ ያደርጋል፤ ምክንያቱም ሰው ብዙ የከፈለበትን ነገር ብዙ ይጠራጠራል። ላይ እንደተሰላው ግን ማነቆው ካልሆነ ክፍል ላይ የሚወጣ ገንዘብ አንዲት ፍሬም አይጨምርም።

ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያው ግልባጭ ነው። ገንዘብ የለኝምና በቅንብር እፈታዋለሁ ብሎ በአንድ ሌሊት ሃያ ነገር መለወጥ ነው። ድራይቨሩን ይቀይራል፣ የዊንዶውስን አገልግሎቶች ያጠፋል፣ ባዮሱን ይነካካል፣ ምንነታቸውን የማያውቃቸውን «ማፍጠኛ» ፕሮግራሞች ይጭናል። ቢሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም፤ ቢብስም የቱን እንደሚመልስ አያውቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በመጨረሻ ዊንዶውስን እንደገና ለመጫን ይገደዳል።

የሁለቱም ሥር አንድ ነው። ሁለቱም ከልኬት በፊት እርምጃን ያስቀድማሉ። ትክክለኛው መንገድ መለካት፣ ማነቆውን መለየት፣ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ እንደገና መለካት ነው። በዚህ መንገድ ተሄዶ ማነቆው በእርግጥ ካርዱ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥራቱን ዝቅ ማድረግም ካላረካ ካርድ መግዛት ስህተት አይደለም። ስህተቱ ሳያውቁ መግዛት ነው።

ማጠቃለያ

ግለ ሂስ ማድረግ ተገቢ በመሆኑ አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። በዚያ ስብሰባ ላይ ጓደኛችንን ያስወነጀለው የካርዱ ሁኔታ አልነበረም። ካርዱ ያገለገለ መሆኑ ሁላችንም የምናውቀው ብቸኛ «ጉድለት» ስለነበረ ነው። የታወቀው ነገር ያልታወቀውን ሸፈነው። እኔ የሠራሁት ስህተት በክዳኑ ሥር ስለነበረ ለሁላችንም፣ ለራሴም ጭምር፣ አልታየም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱም ይቅር ብሎ «መጽሐፉን ግን አሁንም አላነበብከውም» ብሎኛል። ልክ ነበር፤ ያነበብኩት በዚያው ማታ ነው።

የትኬቱ ገንዘብ ለትኬት ዋለ። በክረምቱ ዕረፍት አገር ቤት ገብተን ቤተሰቦቻችንን አይተን ተመልሰናል። ኮምፒዩተሩም በዚያው ካርድ እስከ ዛሬ ይሠራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1ኛ/ ሲፒዩው ለአንድ ፍሬም 9 ሚሊ ሰከንድ፣ ካርዱ 14 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጁ ቢሆኑ በሰከንድ ስንት ፍሬም ይገኛል? ካርዱ ሁለት እጥፍ ፈጣን በሆነ ቢተካስ? ማነቆው ወዴት ይዛወራል?

2ኛ/ አንድ ጨዋታ በአማካይ 120 ፍሬም እየሰጠ የአንድ በመቶ ዝቅተኛው 28 ቢሆን፣ በመጀመሪያ የትኞቹን ሦስት ነገሮች ትመረምራላችሁ? በምንስ ቅደም ተከተል?

3ኛ/ ጠዋት ደኅና ሠርቶ ከቀትር በኋላ የሚደናቀፍ ኮምፒዩተር ላይ፣ ምንም ዕቃ ሳትገዙ መንስኤውን የሚያረጋግጥ ሙከራ አዘጋጁ።

4ኛ/ በምትኖሩበት ቤት በጋራ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ ሲበላሽ ከምርመራው በፊት ተጠያቂ የሚደረገው ማን ነው? ስለምን?